ለላሟ ሣር የተሠራች ብስክሌት

እኛ አንድ ነገር ስንጀምር መደበቅ እንወዳለን። ጎረቤታችሁ ግቢው ውስጥ አሸዋ አስገልብጦ፣ ብረት አስቆልሎ፣ በያጅ ቀጥሮ ስታገኙት "ምን እየሠራህ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት እስኪ። "ኧረ ምንም፤ አጥሯን ትንሽ ላስጠግን ብዬ ነው" ይላችኋል። ሦስተኛው ፎቅ ሲወጣም መልሱ ያው አጥር ነው። ልጁን የሚድረውም "ዘመድ አዝማድ ሰብሰብ እንላለን" ይልና ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶት መኪና በሌላ ሰፈር ይዞራል። ውሸታሞች ሆነን አይደለም። ያላለቀ ነገር ሲወራ የሰው ዓይን ይገባበታል፤ ሳይሳካ ቢቀር ደግሞ "የት ደረሰ?" የሚል አይጠፋም። ዝም አይነቅዝም ያሉት አባቶች ይህን አይተው ነው። እኔም በዚህ ተረት አምኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብስክሌት ሠሪዎች መሀል እስክገባ ድረስ።

እሑድ እሑድ ጠዋት ጉርድ ሾላ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ እንሰባሰባለን። ወጣቱም ጡረተኛውም፣ የቢሮውም የጋራዡም ሰው አለበት። እነዚህ ሰዎች ብስክሌት ገዝቶ መንዳት አይበቃቸውም፤ ቆርጠው፣ አጣመው፣ በይደው የራሳቸውን ይሠራሉ። ክረምቱን ሲያቅዱና ሲሠሩ ይከርሙና መስከረም ሲጠባ ይወዳደራሉ። ከአሮጌ አልጋ ብረት፣ ከተጣለ የሕፃን ጋሪ፣ ከማንም ደጅ ከወደቀ ቱቦ ተነሥተው መንገድ ላይ የሚሄድ ነገር ሲያወጡ አይቼ መደነቅ አልጠግብም። አምፑል ለመቀየር ሰው የምጠራ ነኝና አድናቆቴ ከልብ ነው። እነሱም ዳኛ አድርገው መረጡኝ። ለምን ብትሉ፣ ብስክሌት መንዳት ስለማልችል ነው። "የማይነዳ ሰው አያዳላም" ብለው በጭብጨባ ሾሙኝ። በዚህ አገር ከዚህ ባነሰ ምክንያትም ሹመት ተገኝቷል።

የዘንድሮው ሕግ አጭር ነበር። ብስክሌቱ ከነጂው ሌላ አንድ ሰው ይጭናል፤ ሠሪው ራሱ ሰው ጭኖ ቁልቁለቱን ይወርድና ታች የተሠመረው ነጭ መስመር ላይ ይቆማል። ያልቆመ ወደቀ። ቦታው ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀርባ ያለው አስፋልት እንዲሆን ተስማማን፤ እሑድ መኪና እምብዛም አያልፍበትም።

ገና ሐምሌ ሳይጋመስ ራሔል ጠራችኝ። ራሔል የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ናት፤ ቢሮዋ ሩዋንዳ ሰፈር ነው። ከቢሮዋ ሥር ያለ ካፌ አስገባችኝና ግራ ቀኝ ገልመጥ ብላ ላፕቶፗን ከፈተች።

"ጋሼ፣ ለእርስዎ ብቻ ነው የማሳየው፤ ለማንም እንዳይናገሩብኝ።"

ከፊት ሁለት ጎማ፣ ከኋላ አንድ፤ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሀል ደግሞ ደልደል ያለ ወንበር። ተጫኙ የነጂውን ጀርባ እያየ ለምን ይሄዳል፣ መንገዱን ይይ እንጂ፣ አለችኝ። ከዚያ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አጋድማ፣ ብስክሌቱ ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ከውጪኛው በለጥ አድርጎ መታጠፍ እንዳለበት፣ እኩል ከታጠፉ ግን ሁለቱ እየተጓተቱ እንደሚያስቸግሩ አሳየችኝ። ያንን መላ ለማግኘት ምን ያህል እንደደከመች ከዓይኗ ይነበባል። እኔ በዕድሜዬ ሁሉ በማንኪያ ከማማሰል ሌላ ነገር ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ችግሯ ብስክሌቷ ያለችው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። የመረጠችው ቱቦ ስስ ስለሆነ በያጁ ነክቶ ባነሣው ቁጥር ይበሳባታል።

ቀጥሎ የጠራኝ ናትናኤል ነው። ናቲ እንለዋለን፤ ባንክ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ ቸርቹ ውስጥ ይዘምራል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳው ላይ፣ ከተሰጣ አንሶላ ጀርባ ወሰደኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ ቶታሊ ሲክሬት ነው። ቤቲም አታውቅም፣ ሰርፕራይዝ ነው።"

ቤቲ እጮኛው ናት። ለካ ለሰርጋቸው ቀን ከቸርች እስከ አዳራሹ በብስክሌት ሊወስዳት ኖሯል።

"ሊሞዚን እኮ ቦሪንግ ነው" አለኝ።

"የት ታስቀምጣታለህ ታዲያ?"

"ከፊት፣ ሁለቱ ጎማ መሀል። ቬሎዋ መታየት አለበት አይደል?"

አሳለኝ። ውኃ አመጣልኝ። ቀጥሎ አክስቱ ከዱባይ ያመጣችለትን ፍሬን ከሳጥኑ አወጣ፤ በጣት ሲነኩት ጎማውን ቀጥ የሚያደርግ፣ ሲያዩት የሚያምር ዕቃ። ምናልባት አንዱ ቢበላሽ ብሎ ሁለት ጥንድ ነበር ያስመጣው። የፊት ጎማዎቹን ግን ሊያገኝ አልቻለም። ፍሬን አለ፣ የሚያቆመው ነገር የለም።

ሦስተኛው ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። አባቶቻቸው ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የቆመበትን መሬት ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ከፓርኩ ጀርባ ባለው ግቢያቸው አንዲት ላም ይዘው ተቀምጠዋል። ብስክሌታቸውን ያቀዱት የግቢያቸው ሲሚንቶ ላይ ነው። ሙሉ መጠኗን በጠመኔ ሥለው፣ ብረቱን መስመሩ ላይ እያጋደሙ እየቆረጡ በይደዋታል። ብየዳው እንዴት ያለ ብየዳ መሰላችሁ፤ እጄን ባሳልፍበት ምንም አልሻከረኝም። ከፊት ሁለት ጎማ ነበራት። መሀላቸው ላይ ባለመደገፊያ ወንበር።

"ይህቺ ለምን ትሆናለች ጋሼ?" አልኳቸው።

"ለላሟ ሣር ማመላለሻ" አሉ፤ ድምፃቸውን ወደ በረንዳው ከፍ አድርገው።

በረንዳው ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ ምስር እየለቀሙ ተቀምጠዋል። ቀና ሳይሉ፣ "ላሟ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልታጭድ ነው መሰለኝ" አሉ።

ወይዘሮ ጫልቱ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከግቢው በር አልፈው አያውቁም። በምርኩዝ ከመኝታ ቤት በረንዳ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። መኪና ውስጥ ጎንበስ ብሎ መግባቱ ያማቸዋል፣ ባጃጅም ያንገጫግጫቸዋል። የሚሆናቸው ቀጥ ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ጋሽ ቶሎሳ መዶሻ ሊያመጡ ሲሄዱ፣ "የሰንበቴ ጓደኞቼ አይቀሩብኝም፤ ተራ ገብተው ይጠይቁኛል" አሉኝ። "እኔን ግን መጠየቁ ሰለቸኝ። እንደ ሰው ሄጄ መሀላቸው መቀመጥ ነው ያማረኝ።"

ሲሸኙኝ በሩ ላይ ጋሽ ቶሎሳ ክንዴን ያዙ። "ከተሳካልኝ ሰንበቴዋ እወስዳታለሁ። ካልተሳካልኝ ለሣር ነው። ተስፋ ሰጥቼ አልነሳትም" አሉኝ። ሁለት ጆንያ ጭነው ሞክረዋት ነበር፤ የፊት ጎማዎቹ ሲታጠፉ ይጓተታሉ፣ ያገኙት አሮጌ ፍሬንም አልያዘ ብሎ ጆንያዎቹን ይዛ አጥሩ ውስጥ ገብታለች። "ጫልቱን በዚህች ላይ አላስቀምጥም። አደራ፣ ለማንም እንዳትነግር።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ብስክሌት አቅዷል። አንዷ ጋ የማጠፊያው መላ አለ፣ አንዱ ጋ ፍሬን ተርፏል፣ አንዱ ጋ አካሉ ቆሟል። የሦስቱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም በአደራ የታሰርኩት ዳኛ። ብናገር ቃሌን በላሁ፣ ብተው አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ቀረች። ዝም አይነቅዝም ይበሉ እንጂ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ፍሬን ይዝጋል። ምግብ አልበላ አለኝ፤ ባለቤቴ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ ሆዴ አልችል ብሎ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

እሷ የምታጥፈውን ልብስ አስቀምጣ ሳቀች።

"አንተ አሁን ገና ነው የሰማኸው?"

ለካ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል። ቤቲ አንሶላው ጀርባ ያለውን ካየች ሰንብታለች፤ ለራሔል የነገረቻት እሷ ናት። የራሔል እናት ከወይዘሮ ጫልቱ ጋር የሰንበቴ ማኅበርተኛ ናቸው። ራሔል ማጠፊያውን በጋሽ ቶሎሳ ብስክሌት ልክ ከሣለችው ቆይታለች፤ ናቲም ሁለተኛውን ጥንድ ፍሬን ለይቶ አስቀምጧል። ታዲያ ለምን አልሰጧቸውም? "እንዴት ብለው?" አለች ባለቤቴ። "ምስጢሬን ማን ነገራችሁ ቢሏቸውስ? ያቃተኝ መሰላችሁ ወይ ቢሏቸውስ?" ጋሽ ቶሎሳም ፍሬን የት እንዳለ ሰምተው ነበር፤ "የልጁን ሰርግ ዕቃ እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ" ብለው ተቀመጡ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ ሦስት ደግ ሰዎች ተያይተው፣ ተዋውቀው፣ ተፈቃቅደው ክረምቱ ሊያልፍ። ምስጢሩን የጠበቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምስጢር የነበረውም ለእኔ ብቻ ነው።

መላውን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። ለራሔልና ለናቲ ደወለችና፣ "ቅዳሜ ወይዘሮ ጫልቱን ልንጠይቅ ነው፤ አብራችሁን ኑ። መቼም የታመመ ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም" አለቻቸው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ለታመመ የመጣ ነገር እንደማይመለስ፣ እንግዳ ፊትም እንደማይፈታ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ፌስታሉን ተቀብሎ "ምነው ተቸገራችሁ" ብሎ ወደ ጓዳ ነው።

ራሔል ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። የተጠቀለለበት ወረቀት ግን አልጋ የሚያህል ነበር፤ ማጠፊያውን በሙሉ መጠኑ አሳትማበታለች፣ ሲሚንቶው ላይ እንዲነጠፍ። ናቲ ብርቱካን ይዞ መጣ። ወይዘሮ ጫልቱ ፌስታሉን ሊቀበሉ እጃቸውን ቢዘረጉ ወደ መሬት ወረደባቸው።

"የዘንድሮ ብርቱካን ክብደቱ" አሉ።

ጋሽ ቶሎሳ ፌስታሉን ተቀበሉና ከሥር ዳበስ አደረጉት። ፊታቸውን ወደ ላሟ አዞሩ። "እግዜር ይስጥልን" ብቻ አሉ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ጤፍ አወራን፣ ስለ መንገዱ ጭቃ አወራን። ስለ ብስክሌት አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እንዲህ ያማረ ዝምታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

የውድድሩ ዕለት ራሔልና ናቲ "ዘንድሮ ሥራ በዝቶብን አልደረስንም" ብለው ተመልካች ሆነው መጡ። አንዱ ከቀርከሃ በሠራት ብስክሌት ወንድሙን ጭኖ እንደ ሐር እየተንሸራተተ ወርዶ መስመሩ ላይ ቆመ። ሌላው ከአልጋ ብረት የሠራትን ነዳ፤ ተጫኙ እውነትም ተጋድሞባት ነበር። እሱም ቆመ። ባንዲራዬን ይዤ መስመሩ ጥግ ላይ ቆሜ ሁሉንም አጨበጨብኩላቸው።

መጨረሻ ጋሽ ቶሎሳ መጡ። ከፊታቸው ወይዘሮ ጫልቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ብስክሌቷ ድምፅ የላትም። ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ ወይዘሮ ጫልቱ መንገዱን፣ ዛፉን፣ አዲሱን ሕንፃ እያዩ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ ዓይኔ እንባ ሞላ። መስመሩ ጋ ደረሱ። አለፉት። እኔንም አለፉኝ።

ናቲ "ፍሬኑ!" ብሎ ሮጠ፣ ራሔል ተከተለችው፣ እኔም በዚህ ሆዴ ተከተልኩ። ከፊታችን ብስክሌቷ ሳትንገዳገድ ወደ ግራ ታጠፈች፤ ልክ እንደ ማንኪያዎቹ። ከዚያ ሰንበቴው የሚጠጣበት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። የሰንበቴ ሴቶች በእልልታ ሲወጡ እኛ ገና እያለከለክን ነበር።

"እሱን አትቆጡት" አሉ ወይዘሮ ጫልቱ ከወንበራቸው ሳይወርዱ። "ሊያቆም ነበር፤ እለፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ስንት ዘመን ቆይቼ ከቤት የወጣሁት መስመር ላይ ልቆም ነው?"

ሕግ ሕግ ነውና ጋሽ ቶሎሳ ወደቁ። አሸናፊው የቀርከሃው ብስክሌት ሆነ፤ ይገባዋልም። ናቲና ቤቲ በጥር ሲጋቡ ብስክሌቷን ተውሰው በአበባ አስጊጠዋት ነበር፤ ቬሎው ታይቷል። ከዚያ በቀር እሑድ በመጣ ቁጥር ወይዘሮ ጫልቱ በእሷ ተቀምጠው ሰንበቴያቸው ይሄዳሉ። ጋሽ ቶሎሳ ግን ለምን እንደሠሯት ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው ዛሬም ያው ነው፦ "ለላሟ ሣር።" የላሟ ሣር ዛሬም በአህያ ነው የሚመጣው።