የተዘቀዘቀ ነጠላ

በአገራችን ደወል የሌለው ቤተ ክርስቲያን ሊኖር ይችላል፤ ነጠላ አስተካካይ የሌለው ግን የለም። ማንም አልሾማትም፣ ደመወዝ የላትም፣ ስሟም በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ላይ አይገኝም። ግን ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ከበሩ ጥግ ቆማለች። ስታልፉ ከላይ እስከ ታች ታያችኋለች። መስቀለኛ ያጣፋችሁት ከትከሻችሁ ከተንሸራተተ፣ ጥለታችሁ ከተንሻፈፈ፣ እጇ ሳትጠይቃችሁ ትከሻችሁ ላይ ናት። ይህችን ሴት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አንድ ቀን ሰው ፊት አሳፍራችኋለች።

የእኛዋ ክብርት እማማ አዛለች ይባላሉ፤ የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ የነጠላና የጋቢ ጠቅላይ መርማሪ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ቢሰሙት "አነሰኝ" ይሉ ነበር። ሲናገሩ ቃል አያባክኑም። "ቁም እስቲ!" ይላሉ መጀመሪያ። ጥፋቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ ይጨምራሉ፦ "ማን ሞተብህ?" እኛ ዘንድ ነጠላ የሚዘቀዘቀው፣ ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ወደ አንገት የሚወጣው፣ ለለቅሶ ብቻ ነው። ስለዚህ በጥድፊያ ሳያስተውል ዘቅዝቆ የወጣ ሁሉ እማማ አዛለች ዘንድ ሲደርስ ዘመድ ይሞትበታል።

ለደብረ ታቦር በዓል ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ባለሥልጣን በአጃቢ ተከቦ ሲገባ "ቁም እስቲ!" ብለውት ቆሟል። አጃቢዎቹም ቆመዋል። ሰውየው ረጅም ስለነበር ጎንበስ በል አሉትና ጋቢውን አውልቀው፣ አራግፈው፣ እንደገና አጣፉለት። አንድ ጊዜ አብረን ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። እሳቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ገበያተኛውን መመርመር ጀመሩ። "አንቺ ባለ ሽንኩርቷ! ማን ሞተብሽ?" ሴትዮዋ ደንግጣ ቅርጫቷን አስቀመጠች። እስክታስተካክል ድረስ ሾፌሩ እንዳይንቀሳቀስ ከለከሉት፤ እሱም አልተንቀሳቀሰም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የፕሮቲን ምዕራፍ ላይ ስደርስ ክፍሉ ያንቀላፋል። ከዓመታት በፊት መላ ሲጠፋኝ እማማ አዛለችን ለምኜ ክፍል አስገባኋቸው። አንድ ነጠላ ይዘው ተማሪዎቹ ፊት ቆሙ። መስቀለኛ አጣፉና "ይኸ ለቅዳሴ" አሉ። ወገባቸው ላይ አደግድገው "ይኸ እንግዳ ለማስተናገድ።" ተከናንበው "ይኸ ለጉና ብርድ።" በመጨረሻም ጥለቱን ወደ አንገታቸው አወጡና "ይኸ ለለቅሶ፤ እግዜር ያርቅላችሁ" አሉ።

"አያችሁ?" አልሁ ለተማሪዎቼ። "ክሩ ያው ነው፣ ጥለቱም ያው። ሥራውን የለወጠው አስተጣጠፉ ነው። ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። ሰውነታችን እንደ ረጅም ክር ይሠራዋል፤ ሥራ የሚይዘው ግን ታጥፎ ቅርጹን ሲያገኝ ነው።"

"ይህን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄድኸው?" አሉኝ እማማ አዛለች፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

እየሩስ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ፕሮቲኑ ተሳስቶ ቢዘቀዘቅስ?"

አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። "አንዷ ዘቅዝቃ ከወጣች ያየቻት ሁሉ ትዘቀዝቃለች፣ ልጄ። ለቅሶተኛን አቁሞ ማን ሞተ የሚል አለ? አንዷ ሌላዋን እያየች ትከተላለች እንጂ።"

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳስተማርሁት አላውቅም፤ እንደሳቸው አድርጌ ያስረዳሁበት ቀን ግን የለም። ተሳስቶ የታጠፈ ፕሮቲን አጠገቡ ያለውን ደኅናውን እንደ ራሱ ያሳስተዋል። የተሳሳቱት ይያያዛሉ፣ ይጓጉላሉ። ይህ በአንጎል ውስጥ ሲሆን ሴሎቹ እየደከሙ ይሞታሉ፤ ሰውየውም መጀመሪያ የትናንቱን፣ ቀጥሎ የልጆቹን ስም ይረሳል። አልዛይመር የሚሉት በሽታ እንዲህ ያለ ነው። ያን ቀን ይህን ሁሉ ሳስረዳ እማማ አዛለች ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆመው ነጠላቸውን እያጠፉ ይሰሙኝ ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ ጋቢዬ ከአንዱ ትከሻዬ ወርዶ መሬት እየጠረገ በፊታቸው አለፍሁ። አዩኝ። ፈገግ ብለው "እንዴት አደርህ?" አሉኝና ፊታቸውን መለሱ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ቅዳሴውን እንኳ በቅጡ አልሰማሁ። እኔ መምህሩ የሆነውን ገምቼ ነበር፤ ቢሆንም ለማንም አልተናገርሁ። በዚህ እስከ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ማለዳ እማማ አዛለች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከቤት ወጡ።

ቀድማ ያየቻቸው ጎረቤት ሊጡን ትታ ዘቅዝቃ ተከተለቻቸው። ሁለቱን ያዩ አምስት ሆኑ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እህላቸውን እዚያው ጥለው ተቀላቀሉ። አርባ ያህል ሲሆኑ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ አስናቀ ወሬው ደርሷቸው ድንኳኑ ከመጋዘን እንዲወጣ አዘዙ። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። ሁሉም ከፊቱ ያለው ያውቃል ብሎ ነበር። እማማ አዛለች ደከማቸውና አቶ ደምሴ የሚባሉ የሰፈራችን ሰው በር ላይ ቆም አሉ። ሴቶቹ "ደምሴ ኖሯል!" ብለው እሪታውን አቀለጡት። አቶ ደምሴ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነበር፤ ጩኸቱን ሰምተው ብቅ አሉ። ደጃቸው ላይ አርባ ለቅሶተኛ ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው አብረው ማልቀስ ጀመሩ።

ሟቹ ራሳቸው ሲያለቅሱ ነው ለቅሶው ቀጥ ያለው። ሁሉም ዞሮ ወደ እማማ አዛለች አየ። ከመካከል አንዷ በራሳቸው ቃል ጠየቀቻቸው። "እማማ፣ ማን ሞተብዎ?"

ሰዉን አንድ በአንድ አዩ። "እኔማ" አሉ፣ "እናንተን ተከትዬ ነው።"

ያን ቀን ሰው ሳቀ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁና የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልስቅ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ልጃቸው ፍቅርተ ሰባት ዓመት ኩዌት ሠርታ የተመለሰች ናት። ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገራት። ወንዛዬ ፍል ውኃም ሁለት ሳምንት አስቀመጠቻቸው። ወገባቸው ተፍታትቶ ተመለሱ። የእኛ ስም ግን አልተመለሰላቸውም፤ የሷም ጭምር።

ስለዚህ በሽታ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። የሚመራመሩት ሰዎች ለረጅም ጊዜ የከሰሱት በአንጎል ውስጥ የሚታየውን ትልቁን ጓል ነበር። አሁን ብዙዎቹ ጥርጣሬያቸውን ወደ ትንንሾቹ አዙረዋል። ሁለት ሦስት ሆነው፣ አሥር ሆነው ተያይዘው የሚዞሩት፣ ለዓይን የማይገቡት፣ እነሱ ናቸው ይበልጥ መርዝ የሚሆኑት ይላሉ። የእኛም ሰፈር እንዲሁ ሆነ። አርባ ሆኖ ያለቀሰው ሰው ማንንም አልጎዳም። የጎዳን በማግሥቱ በቦኖው ዙሪያ፣ በወፍጮ ቤቱ ደጅ፣ ሁለት ሦስት እየሆነ የተንሾካሾከው ነው። "አብደዋል" ተባለ። የአቶ ደምሴ ጉንፋን ሲጠና ደግሞ "ሟርት ነው፣ በቁሙ አስለቀሱበት" ተባለ። ከሳምንት በኋላ በበር ሲያልፍ ለእማማ አዛለች ሰላምታ የሚሰጥ ጠፋ።

አቶ አስናቀ እድሩን ሰበሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድንኳኑ በከንቱ መውጣቱ ግን አንገብግቧቸዋል። "እንግዲህ" አሉ፣ "የሰው ለቅሶ መጫወቻ አይሆንም። ፍቅርተ እናትሽን ከቤት አታውጪ። በሩን ቆልፊ። ለሳቸውም ይሻላል።"

ፍቅርተ ተነሣች። 

"ኩዌት ያስታመምኋት አሮጊት ይኸው በሽታ ነበረባት። ልጆቿ አፍረው ቆለፉባት። ሲቆልፉባት ሻይ ራሷ ትቀዳ ነበር። መቅዳቱን ተወች። ቀጥሎ ማንኪያ መያዙን ተወች። ከዚያ መብላት ተወች። በእጄ ላይ ነው ያረፈችው። እናቴ የቀራት ያ የቤተ ክርስቲያን በር ነው። እሱን ከቀማችኋት ድንኳኑን አትመልሱት፤ ቅርብ ጊዜ ታወጡታላችሁ።"

እኔም ተነሣሁና ከአንዷ ነጠላ ተውሼ ክፍል ውስጥ የሠራነውን ደገምሁት። እማማ አዛለች ያበዱ አይደሉም፣ ክሩ ነው ተሳስቶ የታጠፈባቸው አልሁ። ከማንም ወደ ማንም በትንፋሽም በሰላምታም አይጋባም አልሁ። ከሱ የዳነም የለም አልሁ፤ ይህን ስል ፍቅርተን ማየት አቃተኝ። የቀራቸውን ጊዜ ግን እኛ ልናሳጥረው ወይም ልናቀናላቸው እንችላለን አልሁ።

አቶ አስናቀ "በሚመጣው እሑድ በሩ ላይ ይቁሙ" አሉ። "እንደ ድሮው ካቃኑ ደግ። ለማንም የማይጠቅሙ፣ ማንንም የማያውቁ ከሆነ ግን ለምን ብርድ ይመታቸዋል? ከዚያ በኋላ ቤታቸው ይቀመጡ።"

እሑድ ፍቅርተ ነጠላቸውን ራሷ አጣፍታላቸው ከጥጋቸው አቆመቻቸው። ሰው ገባ፣ ወጣ። አንዲቱ ጥለቷ ተንሻፍፎ አለፈች፤ ዝም። አንድ ወጣት ነጠላውን እንደ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ አለፈ፤ ዝም። እጃቸው ከጎናቸው ተንጠልጥሏል። አቶ አስናቀ በግቢው ካለው ዋርካ ሥር ቆመው ያያሉ። ፍቅርተ መሬት መሬት ታያለች።

እዚህ ላይ ለዓመታት የደበቅሁትን ልናገር። ስለ እማማ አዛለች ብዙ አሹፌያለሁ፤ ከሚያሾፉባቸውም ግንባር ቀደሙ እኔ ነኝ። እናቴ ስትሞት ወጣት ነበርሁ። አርባዋ ካለፈ በኋላም ጋቢዬን ዘቅዝቄ እሄድ ነበር፤ መቼ እንደሚወርድ የሚነግረኝ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረኝም። በዚህ በር ላይ ያቃኑልኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ወሩ ጋቢዬን ሆን ብዬ አበላሽቼ አልፋለሁ። "ማን ሞተብህ?" ሲሉኝ "ኧረ ማንም" እላለሁ፤ እሳቸው እያጉረመረሙ ያስተካክሉልኛል። ትከሻዬን የሚነካ የእናት እጅ ሌላ አልነበረኝም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ ሆኜ ጋቢዬን አወለቅሁ። ጥለቱን ወደ አንገቴ አውጥቼ ዘቅዝቄ ለበስሁትና በፊታቸው አለፍሁ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ምንም የለም። ሦስተኛውን ሳነሣ ከኋላዬ የደከመ ድምፅ መጣ።

"ቁም እስቲ።"

ቆምሁ። ዓይናቸው አላወቀኝም። እጃቸው ግን ቀስ እያለ ወደ ትከሻዬ ወጣ።

"ማን ሞተብህ?"

ዛሬ መዋሸት አልሆነልኝም። "እናቴ" አልሁ።

እጃቸው ቆም አለ። "ትናንት ነው?"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ።"

"ውይ፣ ልጄን" አሉ። "ይበቃሃል እንግዲህ።" ጋቢዬን አውልቀው አራገፉ፣ ጥለቱን ወደ ታች መለሱ፣ መስቀለኛ አጣፉልኝና ደረቴ ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረጉት። አንድም ስፍራ አልተሳሳቱም። "በል፣ አሁን ግባ።"

ልገባ ዘወር ስል ከኋላዬ አቶ ደምሴ ጉንፋናቸው ለቋቸው፣ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ተራ ይጠብቃሉ። ከሳቸው ኋላ ያች ሊጥ የተወችው ጎረቤት ዘቅዝቃለች። ከሷም ኋላ ሌላ፣ ከሌላዋም ኋላ ሌላ። ከዋርካው ሥር የእድራችን ሊቀመንበር ግራ ቀኙን አዩና ጋቢያቸውን ማውለቅ ጀመሩ።