ባቡር ሰው አይጠብቅም

አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ። የምነግራችሁ ነገር የመንግሥትን ሥራ፣ የአንድ የተከበሩ ባላምባራስን ስምና የገዛ ማኅበሬን ምስጢር ይነካል። ዝም እል ነበር፤ ሆዴ እንቢ አለኝ። ሆድ ደግሞ ይመከራል እንጂ አይታዘዝም።

ሰው ደጁ ላይ ያለውን ነገር አይወድም። ባሕር ዳር ያደገ ዓሣ ይሰለቸዋል፤ ጎባ ያደገ ግን ባቡር ይወዳል። ለምን ቢሉ፣ ባሌ ውስጥ ባቡር የለማ! በጠቅላይ ግዛታችን በዚህ ስም የሚጠራ ነገር ቢኖር እህል የሚፈጨው ብቻ ነው፤ እሱም ከቦታው አይነቃነቅም። እኛ ግን የባቡር ወዳጆች ማኅበር ነበረን። አትሳቁ። መንግሥተ ሰማያትን ሳያዩ የሚወዱ ስንት አሉ፤ ማን ይስቅባቸዋል?

ሊቀመንበራችን ባላምባራስ ወርቅነህ በጉብዝናቸው ወራት አንድ ጊዜ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ሄደዋል፤ እሳቸው ተመለሱ፣ ልባቸው እዚያው ቀረ። ባለሱቁ ወልዴ የባቡር ሥዕል ከስኳሩ ጆንያ በላይ ሰቅሎ ገበያተኛውን ሁሉ «እዩት እስቲ!» የሚል ሰው ነው። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ማኅበር ያለ ጸሐፊ አይቆምምና ገባሁ። ባላምባራስ ከባቡር የወደዱት ጭሱን ወይም ፉጨቱን አልነበረም።

«ሰው አይጠብቅም!» ይሉን ነበር፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ። «ደጃዝማችም ይሁን ጳጳስ፣ ሰዓቱ ከደረሰ ጥሎት ይሄዳል!»

ይህ ፍቅር ያለ ምክንያት አልመጣም። ከጎባ ሮቤ የሚያመላልሰን የሐጂ ኡስማን አውቶቡስ ነበር። መንገዱ አጭር፣ ጉዞው ረጅም። ቅቤዋን ቋጥራ ያልጨረሰች ሴት ትጠበቃለች። ለቅሶ ሊደርስ ጎራ ያለ ይጠበቃል። ሰላምታ የጀመረማ! በእኛ አገር ሰላምታ በኦሮምኛ «አካም? ነጋ?»፣ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው፣ ተብሎ ይጀመራል እንጂ መጨረሻውን ያየ የለም፤ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ፣ ገብሱ፣ ሁሉም በየተራ ይጠየቃል። ማቋረጥ ነውር ነው። ባላምባራስ የኪስ ሰዓታቸውን እያዩ ከኋላ ወንበር ይንተከተካሉ።

አንድ የገበያ ቀን ገነፈሉ። «ሐጂ፣ ይህ መኪና ነው ወይስ የዕድር ድንኳን?»

«ባላምባራስ፣» አሉ ሐጂ መሪያቸውን ተደግፈው፣ «ሰው የሚነዳው ነገር ሁሉ ሰው ይጠብቃል።»

«ባቡር አይጠብቅም!»

«እሱንም ሰው ነው የሚነዳው።»

በተሳፋሪው ፊት ውርርድ ሆነ። ባቡር አንድ ሰው እንኳ ሲጠብቅ ከታየ፣ ባላምባራስ በሮቤ ገበያ መሐል የአውቶቡሱን ኮፈን ሊስሙ፤ ካልታየ ደግሞ ሐጂ ከእንግዲህ በሰዓቱ ሊነሡ። ባላምባራስ ከመስቀልና ከወንጌል በቀር ምንም ስመው የማያውቁ ሰው መሆናቸውን አትርሱብኝ።

እንግዲህ ሐጂ አውቶቡሱን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው ምስክር ሆኑና አራታችንም ሞጆ ወረድን፤ ናዝሬትና አዲስ አበባ የሚመላለሰውን ባቡር ተሳፈርን። ደስታችንን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ወልዴ ወንበሩን እንደ ወይፈን ይደባብሳል። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ስዘጋ፣ ዘግቼ ስከፍት አንዲት ሴትዮ «ልጄ፣ ያምሃል እንዴ?» አለችኝ። ባላምባራስ ሰዓታቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ ባቡሩ ከየጣቢያው በተነሣ ቁጥር ሐጂን በክርናቸው ይጎሽማሉ። አንድ ወፍራም ነጋዴ ሽንኩርቱን ተሸክሞ እየሮጠ ቀረ። «ምስኪን!» አሉ ባላምባራስ፤ ጥርሳቸው ግን አልከደን አላቸው።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ደረስን። ስሟን አልጠራም። የጣቢያው ሹም ቀይ ቆቡን አድርጎ ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደ፤ ወሰደና ቀረ። ዓይኑ የባላምባራስ መስኮት ላይ ተተክሏል።

«ጋሼ ወርቅነህ! አካም? ነጋ?»

ግርማ ነበር፤ የጎባ ልጅ፣ የባላምባራስ ጎረቤት የወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅ።

«ነጋ፣ ነጋ! ንፋ!» አሉ ባላምባራስ በሹክሹክታ።

«እናቴስ? በጠና ታማለች ብለውኝ ወሬዋ ጠፋብኝ።»

«ደህና ናት! ንፋው እንጂ!»

እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። በእኛ አገር «ደህና ናት» መልስ አይደለም፤ መርዶ ሊነገረው የታሰበ ሰውም መጀመሪያ የሚባለው እሱው ነው፣ በዚያ ላይ በጥድፊያ። የግርማ ፊት አመድ መሰለ። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጋሼ፣» አለ፤ ፊሽካው በክሩ ተንጠለጠለ።

ባላምባራስ ሰዓታቸውን አዩ። ሐጂን አዩ። ሐጂ የፉርጎውን ጣሪያ ያያሉ። ከዚያ ባላምባራስ ቀስ ብለው ሰዓቱን ኪሳቸው ከተቱት።

«ስማኝ፣ ልጄ፤» አሉና በመስኮቱ ተንጠልጥለው ጀመሩ። ንዳዱ እንደ ለቀቃት፣ ሽሮ እንደ ጠየቀች፣ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሳመች፣ ላሟ እንደ ወለደች፣ አንድም አላስቀሩም። «ከመምጣቴ በፊት እኔን ራሴን በዶሮ ሰበብ ሰድባኛለች! የሞተ ሰው ይሳደባል?»

«ምን ብላ?» አለ ግርማ፣ መሳቅ እየጀመረ።

«ስስታም!»

«እሷ ናት!» ብሎ እንባውን በቆቡ ጠረገ።

ነጂው ተቆጥቶ ወረደ። «ምንድን ነው የሚያቆመን?» ቢል፣ ወልዴ «እናቱ ታመው ነበር» አለው። «ዳኑ?» «ድነዋል።» «እሰይ!» ያቺ ሴትዮ እልል አለች፤ ፉርጎው ተቀበላት። ያን ጊዜ ፊሽካው ተነፋ፤ እንደዚያ አምሮ የተነፋ ፊሽካ ሰምቼ አላውቅም። ባላምባራስ ግን ተቀመጡ፣ ሰዓቱንም ዳግመኛ አላወጡትም።

ጎባ ስንገባ አውቶቡስ መቆሚያው በሰው ተሞልቶ ጠበቀን። «ጠበቀ? አልጠበቀም?» ባላምባራስ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሊናዘዙ ነው። ሐጂ ቀደሟቸው።

«ባቡር ሰው ሲጠብቅ አላየሁም፣ ወላሂ! ብረት ምን ያውቃል?»

ሐጂ በሐሰት አይምሉም፤ የጠበቀው ሰው እንጂ ብረቱ አልነበረም፤ አስቡት። ሕዝቡ ግን ለባላምባራስ አጨበጨበ።

በማግሥቱ ገበያ ነበር፤ ሐጂ በሰዓቱ ተነሡ። ሴቶቹ ቅቤያቸውን ታቅፈው እየረገሙ ተንጠላጠሉ፤ ማንም አልቀረም፣ ከባላምባራስ በቀር። መንገድ ላይ አገኘናቸው፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደጃፍ ቆመው የግርማን ሰላምታ ሲያደርሱ፣ ወሬው ገና ከቀይ ቆቡ አላለፈም። አውቶቡሱ ቆመ።

«ሐጂ፣ ውሉስ?» አለ ወልዴ።

«ሞተሩ ግሏል፤ ይብረድ፣» አሉ ሐጂ። በሩ ላይ ውርጭ ይታያል።

ከዚያ ወዲህ የሐጂ አውቶቡስ በሰዓቱ የሚነሣ፣ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ የሚግል ሆነ። ባላምባራስም ከኋላ ወንበር «ሞተር ነው፣ ምን ይደረጋል!» ይላሉ።

አደራችሁን፣ ይህን ለማንም አትድገሙት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አለቆቹ ቢሰሙ የግርማ እንጀራ ነው፣ ሮቤ ቢሰማ ኮፈኑ አለ። የሚጠይቃችሁ ቢኖር ባቡር ሰው አይጠብቅም በሉት። ሐጂ ምለዋል።