ዘንዶውን አምነው ንግሥቲቱን የካዱት አጎቴ

የድራማ ተመልካች ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አይቶ ያለቅሳል፤ ሁለተኛው አይቶ ይከሳል። ሁለተኛው ዓይነት ለየቤቱ አንድ አንድ ታድሏል። ሁለት የደረሰው ቤት ካለ ዛሬ ቴሌቪዥን የለውም። ለእኛ ቤት የደረሱን ክቡር አጎቴ ናቸው።

ክቡር አጎቴ በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የአደጋ መርማሪ ነበሩ። ሥራቸው መኪናው የተጋጨበት ወይም ሱቁ የተቃጠለበት ሰው የሚያወራውን ቁጭ ብሎ መስማት፣ መጨረሻ ላይ ብዕራቸውን ከድነው "ሰው እንዲህ አያደርግም" ማለት ነበር። በዚህች አንድ ዐረፍተ ነገር ስንቱን ላብ በላብ አድርገውታል። አንዱ ባለመኪና ግድግዳውን የገጨሁት ስለ እናቴ እያሰብኩ ቀስ ብዬ ስነዳ ነው ቢላቸው፣ ስለ እናቱ የሚያስብ ሰው ወይ ይቆማል ወይ ይፈተለካል እንጂ ቀስ ብሎ አይነዳም ብለው መለሱት። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብሎ የማለላቸው ሰው ፋይል ደግሞ ያን ዕለት ይዘጋ ነበር። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። የሚመረምሩትን ሰው ግን አብሮ አልሰጣቸውም፤ ስለዚህ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

በየቅዳሜው አሥር ሰዓት ላይ አንድ የውጭ ድራማ ይታያል። ዘንዶ አለው፣ ጠንቋይ አለው፣ ንግሥት አለችው፣ የሞተ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ተነሥቶ ጎራዴዬን የት አደረጋችሁት ይላል። ቋንቋው የሰው አገር ስለሆነ ትርጉሙ ከሥር በጽሑፍ ይሮጣል። እኔ የወንድማቸው ልጅ፣ ጎረቤታቸውና ቴሌቪዥን መግዛት የሚያስጠላኝ ሰው በመሆኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ከአክስቴ ጋር ሶፋው ላይ እሰየማለሁ።

አጎቴ በዘንዶው ላይ አንዳች ቅሬታ የላቸውም። ዘንዶ እሳት ይትፋ ተብሎ ተፈጥሯል፣ ይተፋል፤ በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሥራውን በሥነ ሥርዓት የሚሠራ እሱ ብቻ ነው ይላሉ። ሙታን መነሣታቸውንም ፈቅደዋል። የማይፈቅዱት ሰዎቹን ነው። ጦር አዛዡ ከዘጠኝ ዓመት ዘመቻ ተመልሶ በሩን በርግዶ ሲገባ ስለ ክብር ንግግር ያደርጋል። አጎቴ ከሶፋው ተነሡ። ዘጠኝ ዓመት የዘመተ ሰው ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን ነው የሚያወልቀው፤ ሚስቱም መጀመሪያ የምትለው "በላህ ወይ" ነው እንጂ "አገራችን ምን ትሆናለች" አይደለም። ልዑሉ መንገድ ላይ ላገኘው ባለካባ ሰውዬ የአባቱን ምሥጢር በሙሉ ዘረገፈለት። አጎቴ የባለካባውን ሰውዬ አድራሻ ጠየቁ። አርባ ክፍል ሙሉ አንድ ሰው እንኳ መጸዳጃ ቤት የት ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ይህንንም መዝግበውታል።

መዝግበውታል ስል ቀልዴን አይደለም። አንድ ጊዜ ለጣቢያው ሦስት ገጽ ሪፖርት ላኩ። የአደጋው ዓይነት፦ መመረዝ። የተጎጂው ሙያ፦ ልዑል። የአደጋው መንስኤ፦ ተጎጂው ጠላቱ የቀዳለትን ጽዋ ሳያሸት መጨለጡ። የመርማሪው አስተያየት፦ ሰው እንዲህ አያደርግም። ጣቢያው የሚቀጥለውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ላከላቸው። ሽፋኑ ላይ ልዑሉ ጽዋ ይዞ ይስቃል፤ አጎቴ በጀርባው ሰቀሉት።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አጎቴ፣ ጣቢያው የትርጉሙን ፊደሎች አሳነሰ አሉ። ሆን ብሎ፣ እሳቸውን ለመበቀል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ፊደሎቹን ከማሳነስ አልፎ ፈጣን አደረጋቸው። በዚህ ሸር ተሸንፌ ምርመራዬን አላቋርጥም ብለው እኔን የሥር ጽሑፍ አንባቢ አድርገው ሾሙኝ። ሶፋው ላይ በቀኛቸው ተቀምጬ የሚሮጠውን ሁሉ ጮክ ብዬ ማንበብ፣ ጽሑፍ በሌለበት ደግሞ የሚሆነውን መንገር ሆነ ሥራዬ። ደመወዙ ሻይና ብስኩት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በታማኝነት ነበር የማነበው፤ ውጤቱም ጦርነት ነበር። እኔ ሳነብ አጎቴ ይቃወማሉ፣ አጎቴ ሲቃወሙ አክስቴ ዝም በሉ ትላለች፣ አክስቴ ዝም በሉ ስትል ድራማው ያልፋል። አንድ ቅዳሜ ንግሥቲቱ ሦስት ሰው ወደ ሞተበት ምድር ቤት ብቻዋን፣ ያለ መብራት፣ በባዶ እግሯ ልትወርድ ተነሣች። ይህንን ብናገር የአጎቴ ደም ብዛት የት እንደሚደርስ አክስቴ ታውቃለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አንድ ሰው አስከትልላት፣ ምን አለበት" አለችኝ።

አንድ ዘበኛ አስከተልኩላት። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተቃውሞ አልነበረም። የሰው ልጅ አንዴ መቅጠፍ ከጀመረ መቼ ይቆማል? ለዘበኛው ፋኖስ ሰጠሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ጦር አዛዡን ጫማ አስወለቅሁት። ልዑሉ ለእንግዳ ሰው ምሥጢር ከማውራቱ በፊት "ለመሆኑ ማን ልኮህ ነው?" ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁ። ሁለቱ ጠላት ቤተሰቦች ሰርጉ ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። በአንድ ወር ውስጥ ያ ደም የጠማው ቤተ መንግሥት እንደ ደህና ቢሮ ጸጥ አለ። አጎቴም ደስ ብሏቸው ሰዎቹ እየበሰሉ ነው አሉ፤ ሪፖርቴ የሆነ ቦታ ደርሷል ማለት ነው አሉ። በመሐል ከቴሌቪዥኑ ጩኸት ሲሰማ ምንድን ነው ይሉኛል፤ እኔም ንግሥቲቱን ጣቷን በር ያዛት እላለሁ።

አንድ ቀን ግን የጦር አዛዡ አንገት ተቀላ። ጭንቅላቱ በስክሪኑ ሙሉ ተንከባለለ፣ ደሙ የንግሥቲቱን ቀሚስ አራሰው። እኔ በድንጋጤ አፌ ላይ የመጣልኝን፣ አዛዡ ለንግሥቲቱ ቀልድ እየነገራት ነው አልኩ። አጎቴ ከቴሌቪዥኑ ሁለት ሜትር ርቀው ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደዚያ ወደሚንከባለለው ጭንቅላት አዙረው ፈገግ አሉ።

"ሲስቅ ደስ ይላል" አሉ።

ወደ አክስቴ ዞርኩ። አክስቴ እጇን ታያለች። የፊደሎቹ ማነስ ከጣቢያው ሳይሆን ከማን ዓይን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ያየሁትና እንደ ቀልድ ያሳለፍኩት ሁሉ ተግተልትሎ መጣ፤ ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ መክተታቸው፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ካፖርቴን ጎንበስ ብለው ደህና ዋልክ ማለታቸው። ካፖርቱን እኮ የቤተሰቡን ደህንነት ሳይቀር ጠይቀውታል፤ እኔም ወጥ ቤት ሆኜ ስስቅ ነበር። በጣም አፈርኩ።

አክስቴ ወጥ ቤት ጠርታ ነገረችኝ። የዓይን ሞራ ነው። አንዲት ሐኪም አይታቸዋለች፤ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ ግን እየቆየ ሲሄድ ሞራው ይጠጥርና ነገሩ ይከብዳል ብላለች። ሁለት ቀጠሮ ሰጥታቸው ሁለቱንም አልሄዱም። መጀመሪያ የሐኪሟ ጋውን ላይ የቀለም ነጠብጣብ አይቻለሁ አሉ፤ የማያይ ሰው ነጠብጣብ ማየቱን ማንም አልጠየቀም። ለሁለተኛው ቀጠሮ ደግሞ ጉልበቴን አመመኝ አሉ። ሦስተኛው ሰኞ ነው፤ ሰኞ ካልሄዱ ተራው ለወራት አይገኝም። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ አንዱን ሰሃን አራት ጊዜ አጠበችው።

እኔም በፊቴ የቀረችውን አንዷን ቅዳሜ ይዤ ዘመትኩ። ያን ዕለት በድራማው ውስጥ ሽማግሌው ንጉሥ ሠራዊቱን አስከትሎ በረዶ ላይ እየተጓዘ ነበር። እኔ ግን ከፈረሱ አወረድኩት፣ አልጋ ላይ አስተኛሁት፣ ዓይኑን አሳመምኩት። ሐኪም ጠራ አልኩ። ሐኪሙ መሣሪያውን ይዞ መጣ አልኩ። ንጉሡ ሐኪሙን ባየ ጊዜ ደስ ብሎት እየሳቀ "ና ግባ፣ ወዳጄ!" አለ፣ ዓይኑም ወዲያው በራ፣ መላው ሕዝብ ጨፈረ አልኩ። ከቴሌቪዥኑ የሚሰማው የፈረስ ኮቴና የንፋስ ፉጨት ነበር። አክስቴ ሻይ ማማሰሉን አቁማ ታዳምጣለች።

አጎቴ ብዕር የሚከድኑ ይመስል አውራ ጣታቸውን በጣታቸው ላይ ጫን አድርገው፣

"ሰው እንዲህ አያደርግም" አሉ።

"ምኑን ነው ጋሼ?"

"ዓይኑን ሊነኩት ሲመጡ የሚስቅ ሰው የለም። ይፈራል እንጂ።"

"ንጉሥም ቢሆን?"

"ንጉሥማ ይብሳል። ስንቱን ሰው አላምንህም ሲል የኖረ፣ አሁን ተነሥቶ ልጁ የምትሆን ሴት ፊት ተጋድሞ አምንሻለሁ ሊል ነው።"

አክስቴ ማንኪያውን አስቀመጠች። እኔ ጠየቅሁ።

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"መጀመሪያ ይዋሻል። ጋውኗ ቆሽሿል ይላል። ጉልበቴን ይላል። ካፖርቱንም አውቄ ነው ሰላም ያልኩት ይላል።" አውራ ጣታቸውን ከጣታቸው ላይ አነሡ። "ከዚያ እየፈራ ይሄዳል።"

"ብቻውን?"

"ብቻውንማ ምን በወጣው። ያንን ቀጣፊ አንባቢውን ይዞ ይሄዳል" አሉ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ አልጠየቅሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀጣፊ ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ዘበኛውን ባስከተልኩባት ዕለት ሳይነቁብኝ አይቀሩም። በገዛ እጄ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀዳሁላቸውና ፊቴን ወደ በረዶው መለስኩ፤ ደህና አድርጎ ይታየኝ ነበር ብል ውሸት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሄድን። በፍርሃት አልሳቁም፤ በዚህ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆመው ሐኪሟን መረመሯት፤ ቁርስ በልታ እንደሆነ፣ ከማን ጋር ተጣልታ እንደመጣች፣ ከዚህ በፊት የሠራችለት የመጨረሻው ሰው አሁን የት እንዳለ። ሐኪሟ ለሁሉም ሳትቆጣ መለሰችላቸው። የመጨረሻው ሰው ቤቱ ሄዶ የሚስቱ አዲስ መጋረጃ አላማረኝም ብሎ እየተጣላ ነው አለቻቸው። አጎቴ ጥቂት አሰቡና ይሄስ በእውነት ያለ ሰው ነው ብለው ገቡ። ከእጄ ላይ እጃቸውን ያነሡት ነርሷ በሩን ልትዘጋ ስትል ነው፤ የእጃቸው ላብ የእኔንም እጅ አርሶት ነበር።

በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ረዘም ላለ ጊዜ መረመሩኝና "አንተ መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?" አሉኝ። አክስቴን ግን አንቺ አልተለወጥሽም አሏት፤ በዚህ ምክንያት ቀጣፊው የቤታችን ሰው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ታወቀ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የድራማው የመጨረሻ ክፍል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ልሂድ አልሂድ ብዬ ነበር። ዓይናቸው በመብራቱ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ከሥራ የተባረርኩ ሰው ነኝ፣ የተባረረ ሰው የሚሰማው ነገር ሁሉ ይሰማኛል። ገብቼ በቀኛቸው መቀመጡን ትቼ ጥጉ ላይ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፣ አገጫቸውን አስግገው፣ ፊደል በፊደል እየተከተሉ ያነባሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ጣቢያው ፊደሎቹን መልሶ አተለቃቸው ብለው አንድ ጊዜ አመሰገኑት። ሰዎቹ በስክሪኑ ላይ እርስ በርስ ሲተራረዱ አጎቴ አንድም ተቃውሞ አላሰሙም።

መጨረሻው ደረሰ። ንግሥቲቱ የምትወዳቸው ሁሉ አልቀውባት ማማው ጫፍ ላይ ወጣች። ዘንዶው ከሥሯ ያንዣብባል። ዘውዷን ወረወረች፣ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ በዘንዶው ጀርባ ላይ ልትወድቅ ዘለለች። አክስቴ አፏን በእጇ ያዘች።

አጎቴ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ በቀኛቸው ያለውን ባዶ ቦታ መታ መታ አደረጉት። ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ምን አደረገች?" አሉኝ።

"በደረጃው ወረደች" አልኩ።

"መደገፊያውን ይዛ?"

"ይዛ።"

"ጎበዝ" አሉና፣ ንግሥቲቱ ደመናውን ሰንጥቃ ስትበር አፋቸውን ከፍተው ማየታቸውን ቀጠሉ።