በየትኛው ሀ?

በአማርኛ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ የለጠፈ ሰው ሁሉ አንድ አራሚ አለው። መጻፉን ካልተወ በቀር አያመልጠውም። እናቱ ሞታበት ኀዘኑን ቢጽፍ እንኳ አራሚው ከሥር ብቅ ይልና «ነፍስ ይማር፤ ኀዘን ግን በብዙኃኑ ኀ ነው» ይለዋል።

ለእኔ የታዘዙልኝ ሊቀ ሆሄያት ጋሽ ኃይለሚካኤል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። አማን ውስጥ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው «ደህና ዋልሽ» ብለው ያልፋሉ። ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ስልካቸው ላይ፣ ከጽሑፌ ሥር አስተያየት ሲጽፉ ግን የሚያቆማቸው የለም።

«የተከበርሽ ጸሐፊ፣ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ ነው! በጸሎቱ ጸ ከጻፍሻት በምን ልትሞቂ ነው?»

አንድ መሥሪያ ቤት መታወቂያቸው ላይ «ሀይለሚካኤል» ብሎ ቢጽፍባቸው ገፍተው መለሱት አሉ። «ይህን ሰውዬ አላውቀውም። ሲመጣ ስጡት።»

እኔ የምጽፈው ልጄ ዲቦራ ቀን ስትተኛ ነው። አዲሱ የሚባለው ባለቤቴ ቴፒ፣ ቡና እርሻ ላይ ስለሚሠራ የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ዲቦራ የምታውቀው «ማማ» እና «እምቢ» ብቻ ነው። ታዲያ ከማን ጋር ላውራ? የየአገሩ ሰው አጭር ታሪኩን የሚለጥፍበት፣ ማሽኑ ራሱ በየቋንቋው የሚተረጉምበት ገጽ አገኘሁና ወሬዬን ለዓለም አደረግኩት።

አንድ ቀን ሸኮ ገበያ ላይ ልጇን ታቅፋ ዝንጅብል ስለምትሸጥ ሴት ጻፍኩና «ሆዴ ባባ» አልኩ። ማሽኑ ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ አንዲት የፊሊፒንስ ሴት «እህቴ፣ ሆድሽን ካመመሽ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ» ብላ መለሰችልኝ። አንዱ ብራዚላዊ ጭራሽ «ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አለ።

ጋሽ ኃይለሚካኤል በእንግሊዝኛ ደረሱልኝ፦ «ልጅቱ አልታመመችም። በእኛ አገር ሰው የሚያዝነው በሆዱ ነው።» አንጀቴን አራሱት ስል፣ ወዲያው ወደ አማርኛ ዞረው «እናት በአልፋው እ እንጂ በዓይኑ ዕ አይደለም» አሉኝ። እሳቸውን ፈርቼ እኮ ነው «ዕናት» ያልኩት!

ስድስት ወር እንዲህ ሄድን። ከዚያ አንዱን ታሪክ ከልቤ ጻፍኩት። በር በተንኳኳ ቁጥር አዲሱ የመጣ ስለሚመስላት፣ ግን ነፋስ ስለሚሆንባት ሴት ነበር። ስጨርስ እንባዬ መጥቷል። የመጀመሪያው አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «ድምፅ በፀሐዩ ፀ።»

ደሜ ፈላ። ዓለም ሁሉ በሚያየው ላይ «ጋሼ፣ ፊደሉን ትተው ታሪኩን አንብበውት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

መልስ የለም። በማግስቱም የለም። መንገድ ላይ ባርኔጣቸውን ነክተው አለፉ፤ «ደህና ዋልሽ» እንኳ ቀረች። ሁለት ታሪክ ለጠፍኩ። ሦስት ልብ ተሰጠኝ፤ አንድ ቃል ግን የጻፈልኝ አልነበረም። ያኔ ነው የገባኝ። ፊደል የሚያርም ሰው አንድ ቃል መዝለል አይችልም። ከመጀመሪያው ጽሑፌ ጀምሮ አንዲት ሳያስቀሩ ያነበቡኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔም ለእሳቸው፣ ከዚያ ዝም ካለ ቤት ውስጥ ሆነው የሚያዋሩት ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ይቅርታ ልል ሁለቴ በራቸው ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን በሚገባቸው ቋንቋ ልሞክር አልኩና አዲስ ታሪክ ለጠፍኩ። ርእሱን በሐመሩ ሐ «ሖዴ ባባ» አልኩት። ፊደል ከተቆጠረ ጀምሮ ሆድን እንዲህ የጻፈ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጠበቅኩ። የፊሊፒንሷ ሴት «አሁንም አልተሻለሽም?» አለች። ከእሳቸው ምንም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ነፋስ ነው ብዬ ትንሽ ዘገየሁ። ስከፍት ጋሽ ኃይለሚካኤል ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው፣ አፈሩ ያልተራገፈ ዝንጅብል በሌላው ይዘው ቆመዋል።

«ይግቡ ጋሼ።»

ዲቦራ ከኋላዬ «እምቢ!» አለች። ሊቀ ሆሄያት ሲስቁ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

ዝንጅብሉን ዘረጉልኝና «ለሆድሽ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

በአፍ ሲነገሩ ሦስቱም ሀዎች አንድ ናቸው። በየትኛው እንዳሉት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።