ባየልኝ ማዘዝ ሲያስተምር

(መተማ ዮሐንስ፣ የሐጂ አብዱረሕማን የሰሊጥ መጋዘን። ዝናሽ በሙከራ ላይ ያለች የመጋዘን ኃላፊ ናት። ባየልኝ ሚዛን ያዥ ነው፤ የኃላፊነቱን ወንበር እሱ ሲጠብቀው ነበር። ጫኞቹ ለቀብር ወደ ገንዳ ውኃ ከተማ ሄደዋል። ደጅ የቆመው አይሱዙ ሊሞላ የቀረው በሩ ሥር የተደረደረው ጥቂት የሰሊጥ ጆንያ ነው።)

ባየልኝ፦ "እባክህ" አልሽው! በዚህ ጆሮዬ ሰማሁሽ። ሾፌር "እባክህ" ይባላል?

ዝናሽ፦ መኪናውን አስጠጋው እኮ።

ባየልኝ፦ ማስጠጋቱ አይደለም ጉዳዩ! በምን ቃል አስጠጋው? አለቃ "አስጠጋ!" ነው የሚል። "እባክህ" የሚባለው እግዜር ነው።

ዝናሽ፦ ይቅርታ፣ አላወቅሁም።

ባየልኝ፦ ይኸው፣ "ይቅርታ" ደግሞ መጣች። ምን አጥፍተሽ ነው?

ዝናሽ፦ እኔ እንጃ። አንተ ስትቆጣ ያጠፋሁ መሰለኝ።

ባየልኝ፦ (ራሱን ይይዛል) "መሰለኝ"! ጎንደር በወሰድነው ሥልጠና ይቺ ቃል ክልክል ናት። ሴት ኃላፊ የምትወድቀው በ"መሰለኝ" ነው ተብሏል።

ዝናሽ፦ የምን ሥልጠና ነበር?

ባየልኝ፦ የሴቶች አመራር ሥልጠና።

ዝናሽ፦ አንተ ሄድክ?

ባየልኝ፦ ታዲያ ማን ይሂድ? አንቺ ከሄድሽ መጋዘኑን ማን ይጠብቃል?

ዝናሽ፦ እውነትህን ነው። ሴቶችስ ነበሩ?

ባየልኝ፦ ሞልተው! ሻይ የሚያቀርቡት በሙሉ ሴቶች ነበሩ።

ዝናሽ፦ እሰይ፣ እንኳን አልቀሩ።

ባየልኝ፦ አሁን ሐጂ ይደውላሉ። "ዝናሽ እንዴት ናት?" ሲሉኝ አልዋሽም። "ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ሰው ማዘዝ አትችልም፤ ወንበሩ ለኔ ይሁን" ነው የምላቸው። በግል የምጠላሽ እንዳይመስልሽ።

ዝናሽ፦ (ደንግጣ) ኧረ ባየልኝ! ሰሊጥ ከማበጠር ተነስቼ ነው እዚህ የደረስኩ። ተመልሼ ወንፊት ልይዝ ነው? እንግዲያው ሳይደውሉ አስተምረኛ!

ባየልኝ፦ ጥሩ። ቀጥ በይ። ደረትሽን ንፊ! … ኧረ ይቅር፣ ለሴት ነውር ነው።

ዝናሽ፦ ልንፋ ወይስ ይቅር?

ባየልኝ፦ በልብሽ ንፊው።

ዝናሽ፦ ይቅርታ፣ ያቺ ጆንያ የከለለችኝ መሰለኝ። አንተን ደኅና አድርጌ እያየሁ ብማር ነበር። መኪናው ላይ ጣል ብታደርግልኝስ?

(ባየልኝ ንግግሩን ሳያቋርጥ ጎንበስ ይላል። ዝናሽ ታሸክመዋለች፤ ወስዶ ይጭናታል።)

ባየልኝ፦ ዋናው ትምህርት ይኸውልሽ። ሰው በለስላሳ ቃል አይነቃነቅም!

ዝናሽ፦ አይነቃነቅም?

ባየልኝ፦ ንቅንቅ አይልም!

ዝናሽ፦ ወይ ጉድ! ይቺኛዋም የከለለችኝ መሰለኝ።

(ሌላዋን ይሸከማል።)

ዝናሽ፦ አምና ግን አንተ "ሚዛኑ የተዛባ መሰለኝ" ብለህ ሐጂ "ጠንቃቃ ልጅ" ብለው መርቀውህ ነበር።

ባየልኝ፦ (ከጆንያው ሥር) የኔ "መሰለኝ" ከዕውቀት ነው የሚመጣ። ያንቺ ከፍርሃት።

ዝናሽ፦ በሽርስ? የጫኞቹ አለቃ። ጠዋት ሰድቦ፣ ማታ ሰድቦ ነው የሚገባ።

ባየልኝ፦ በሽር ቆራጥ ነው!

ዝናሽ፦ ባለፈው እኔ አንድ ጊዜ ጮክ ስልስ?

ባየልኝ፦ ውይ፣ ያን ቀን! ቤቷ ተጣልታ መጥታለች ብለን ሁላችንም አዘንንልሽ።

ዝናሽ፦ እግዜር ይስጣችሁ። በማግሥቱ ዝም ስልስ?

ባየልኝ፦ አኮረፈች አልን። (ላቡን ይጠርጋል) በይ አሁን ወደ ተግባር። እኔ ጫኝ ነኝ እንበል። እዘዢኝ። እንደ ወንድ!

ዝናሽ፦ (ጉሮሮዋን ጠርጋ) አንተ! ምን ይገትርሃል? አንሳ ያቺን ጆንያ!

(ባየልኝ ጆንያዋ ላይ ይቀመጣል።)

ባየልኝ፦ አላነሳም።

ዝናሽ፦ ምነው፣ አጠፋሁ?

ባየልኝ፦ "ምን ይገትርሃል"? ሴት ልጅ ናት እንዲህ የምትናገር?

ዝናሽ፦ ትናንት አንተ በሽርን ያልከውን እኮ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ባየልኝ፦ እኔና በሽር ጓደኛሞች ነን፤ እንሳሳቅበታለን። ያንቺ ግን አጥንት ድረስ ነው የገባኝ። ስሚ፣ ስትቆጪ ፈገግ በይ። ስታዝዢ ያዘዝሽ አይምሰል። ጩኺ፣ ግን በለሆሳስ።

ዝናሽ፦ በለሆሳስ ልጩህ?

ባየልኝ፦ ገባሽ!

ዝናሽ፦ (ፈገግታዋ ጠፍቶ) ባየልኝ፣ ድምፅ አጥቼ አይደለም እኮ። ማበጠሪያው ማሽን እያጓራ በላዩ ላይ ስጮህ ነው የኖርኩ። ኃላፊ የሆንኩ ዕለት ነው ድምፄን የዋጥኩት፣ ፊታችሁ ሲጠቁር አይቼ። ይደክማል። አንዲት ጆንያ ለማስነሳት ይቅርታ መለመን ከጆንያዋ ይከብዳል።

ባየልኝ፦ አየሽ፣ ይኼ ደግሞ ስሜት ነው። ስሜትም ክልክል ነው።

ዝናሽ፦ (ፈገግታዋን መልሳ) ይቅርታ ወንድሜ፣ ቅር አሰኘሁህ። የተቀመጥክባት ጆንያ የምትቆረቁርህ መሰለኝ። እባክህ ይዘሃት መኪናው ላይ ውጣና ከዚያ ሆነህ አስረዳኝ። ዐዋቂ ሰው ከፍ ብሎ ሲናገር ያምርበታል።

ባየልኝ፦ (እየተነሳ) እሱስ ልክ ነሽ።

(ይወጣል፣ ያስረዳል፣ ይወርዳል፣ ይሸከማል፣ ያስረዳል። በሩ ሥር አንድም ጆንያ አይቀርም። ስልክ ይጠራል።)

ዝናሽ፦ አቤት ሐጂ! … ኻላስ፣ ተጭኖ አልቋል። … የለም፣ ጫኞቹማ ቀብር ናቸው። ባየልኝ ነው የጫነው።

ባየልኝ፦ እኔ? ምኑን?

ዝናሽ፦ (ስልኩን ሸፍና) ጆንያዎቹ የት የሄዱ ይመስልሃል?

(ባየልኝ ወለሉን ያያል። መኪናውን ያያል። ትከሻውን ዳስሶ ያቃስታል።)

ዝናሽ፦ "ማን አዞት ጫነ?" ይላሉ ሐጂ። ምን ልበላቸው?

ባየልኝ፦ ማንም! ማንም አላዘዘኝም በያቸው! እኔን ሴት አታዘኝም!

ዝናሽ፦ (በስልኩ) ማንም አላዘዘኝም፣ በገዛ ፈቃዴ ነው ይላል ሐጂ። … እሺ። … እነግረዋለሁ። (ወደ ባየልኝ) በጣም ነው ደስ ያላቸው። "ሳያዙት እንዲህ የሚሸከም ሰው አይቼ አላውቅም። ከነገ ጀምሮ ሚዛኑን ለረዳቱ ለሳጂድ አስረክቦ ከጫኞቹ ጋር ይሁን" ብለዋል።

ባየልኝ፦ ምን? ስልኩን! ስጪኝ ስልኩን!

ዝናሽ፦ እንደ ወንድ ነው የምታዘኝ ወይስ በለሆሳስ?

ባየልኝ፦ እባክሽ! እባክሽ ዝናሽ! (ስልኩን ተቀብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ) ሐጂ፣ ይቅርታ ሐጂ። ትንሽ የተሳሳትኩ መሰለኝ። … አዝዛኝ ነው እንጂ! ዝናሽ ናት ያዘዘችኝ! … ትችላለች ሐጂ፣ ማዘዝማ ትችላለች! ወንበሩ የሷው ነው! … "እንዴት አድርጋ አዘዘችህ?" ነው የሚሉኝ? እኔ እንጃ ሐጂ፤ እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው!