ቆጥ ላይ ያደረ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የራሱ አንዲት ዶሮ የለውም፣ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ የሚያስተዳድረው ግን እሱ ነው። ዓለም ከተማ ሂዱ፣ ራቤል ኑ፣ ከአጥር ማዶ አንገቱን አስግጎ «ውሃቸው ቀዝቅዟል እኮ!» የሚል አታጡም። ሌላ ሰው በዚህ ይስቅ ይሆናል። እኔ አልስቅም። ለእኔ የደረሱኝ የተከበሩ አቶ ቅጣው ናቸው።

ጋሽ ቅጣው በጥበቃ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ባል የለኝም፣ ጧት ወጥቼ ማታ እገባለሁ። ዶሮዎቹን የገዛሁ ሰሞን «እስክትመለሺ ዐይኔን ጣል ላድርግባቸው» አሉኝ። እሺ አልኩ። አበስኩ ገበርኩ! ጣል ያደረጉትን ዐይን ይኸው እስከ ዛሬ አላነሡትም።

የእኛን አገር ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ደጅ ያደረ ውሃ ጧት ድንጋይ ነው። ጋሽ ቅጣው ገና ሳይነጋጋ ለብ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘው ይገባሉ። ለእኔ ፊት መታጠቢያ እንዳይመስላችሁ። «እንዴት አደርሽ ነጭቱ? አንቺስ ወሰራዋ፣ እግርሽ ተሻለሽ?» ይላሉ። ሁሉንም አዳርሰው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞር ይሉና «መምህርት፣ ጥሬው አልቋል» ይሉኛል። ለእኔ የምትደርሰኝ ሰላምታ ይቺው ናት።

ጭልፊት ሲያንዣብብ ጋቢያቸውን እያውለበለቡ የሚጮኹት ጩኸት ትምህርት ቤት ድረስ ይሰማል። ተማሪዎቼ ይስቃሉ፣ እኔ ጠመኔ እሰብራለሁ። አምና ክረምት ፈንግል ገብቶ የሰፈሩን ዶሮ ሲፈጅ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ እየወቀጡ አንድ በአንድ እያጋቱ የእኔን አተረፉልኝ። አልክድም። ግን እንደ ክርስቲያን ልጠይቃችሁ፤ ዶሮ የሚረባው ለምንድን ነው?

በእኛ ዘንድ ሴት ዶሮ አታርድም። ትገነጥላለች፣ ደጋግማ ታጥባለች፣ ሽንኩርት ስታቁላላ ዐይኗ ይጠፋል፤ በስመ አብ ብሎ ቢላውን የሚያሳርፈው ግን ወንድ ነው። ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ ባገኘው የምለው ነበረኝ። እናም ወንድ የሌለበት ቤት በበዓል ዋዜማ ጎረቤት ይለምናል። የእኔ ጎረቤት ደግሞ ጋሽ ቅጣው ናቸው።

ለእንቁጣጣሽ ነጭቱን ያዝኩ። ቢላውን ተቀበሉኝ፣ ሆዷን ዳበስ አደረጉና «ልትጥል ነው፤ ትጣልና» አሉ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። አልጣለችም። በዓሉ በሽሮ አለፈ። ለገና ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ የማያውቁትን ገብስማ አውራ ዶሮ ከገበያ ገዝቼ መጣሁ። ምን ያደርጋል፣ የገበያው ቀን ከዋዜማው ቀድሞ ዋለና ዶሮው ቆጥ ላይ ከሌሎቹ ጋር አደረ። በማግስቱ ቢላ ስዘረጋላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«ቆጥ ላይ ያደረ ቤተሰብ ነው፤ አይታረድም።»

«ጋሽ ቅጣው፣ ትናንት እኮ ነው የገዛሁት!»

«ታዲያ አላደረም?»

ከቤቴ ጀርባ የሚኖረውን የስፖርት አስተማሪ፣ ምንይሉን፣ ለመንኩት። «ጋሽ ቅጣው እያሉ እኔ ቢላ ላነሣ? ሰፈሩ ምን ይለኛል?» አለ። ለካ ሰውዬው ራሳቸው አለማረዳቸው ሳያንስ ሌላውንም አስረውብኛል። ያን ቀን በንዴት ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ጠና። ለፋሲካ እናቴ ከመርሐቤቴ ልትመጣ ሆነ፤ ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ቤቴን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። በስልክ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፦ «ወንድ በሌለበት ቤት ማን ባርኮ ያርድልሻል?» ነገሩ የዶሮ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ቤትሽ ቤት ነው ወይ ማለቷ ነው። ፋሲካን ሙሉ የዶሮ ወጥ፣ ከነፈረሰኛው፣ ፊቷ ካላቀረብኩ፣ ቤቴ በእሷ ዘንድ እስከ ዘለዓለሙ ባዶ ቤት ሊሆን ነው።

እግዚአብሔር ረዳኝ፤ ጋሽ ቅጣው በሕማማት ለጉልበታቸው ጠበል ወረዱ። ገብስማውን ዐይን ዐይኑን እያዩ ከአጥሩ በር ሰባት ጊዜ እየተመለሱ ሄዱ። እፎይ! ምንይሉ አሁን ቢያርድ ማንንም አይዳፈርም። በማግስቱ ጧት ግን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ዘልዬ ተነሣሁና፣ ራሴን «ጥሬው አልቋል» ስል ሰማሁት። ተናደድኩ።

እናቴ አውቶቡስ እየቀያየረች፣ አቧራ ለብሳ ሐሙስ ገባች። ድስቴን ከፈተች፣ አልጋዬን አየች፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና «ብቻሽን ነሽ ማለት ነው» አለች። ሲመሽ ዶሮዎቹ ቆጥ አንወጣም ብለው የጋሽ ቅጣው አጥር ሥር ተኮለኮሉ።

«ምን ሆነው ነው?»

«ሰውዬውን ፈልገው ነው።»

«የትኛውን ሰውዬ?» አለችና ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ሽማግሌ ናቸው እማዬ! ጎረቤት!» አልኩ፣ ፊቴ ፍም መስሎ።

ቅዳሜ ሽንኩርቱ ተቁላልቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ ምንይሉ ቢላውን ስሏል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ገብስማውን ያዝኩት። ሌላ ዶሮ ቢሆን ይፈራገጥ ነበር። ይሄ የጋሽ ቅጣው ሞልቃቃ ግን መታቀፍ ለምዶ፣ ጭንቅላቱን ክንዴ ሥር ወሽቆ ዐይኑን ጨፈነ። ምንይሉ «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ጀመረ።

«ተወው!» አልኩ። «ቆጥ ላይ ያደረ ነው።»

ምንይሉ አፉን ከፈተ። «ታዲያ የት ይደር ኖሯል?»

ገብስማውን ቆጡ ላይ መለስኩት። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቤት ገባች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፋሲካን ዶሮ በሌለበት የዶሮ ወጥ፣ በእንቁላል ብቻ ፈሰክን። እናቴ እያንዳንዷን ጉርሻ እንደ ኮሶ ዋጠቻት። ቤቴን በገዛ እጄ ባዶ ቤት አስባልኩት ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኞ ጋሽ ቅጣው ጠበላቸውን በጄሪካን ተሸክመው፣ እያነከሱ መጡ። ለእኛ እንኳን አደረሳችሁ ሳይሉ ቀጥታ ወደ ዶሮዎቹ፤ በመዳፋቸው እየዘገኑ ሁሉንም በጠበል ረጩ። ገብስማው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው መምህርት? እናት ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ ዶሮ አይታረድላትም? ነውር አይደለም?»

ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። «እርስዎ? እርስዎ ይሄን ይሉኛል?» ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ወጣ፤ ነጭቱ፣ ሽሮው፣ ገና፣ ምንይሉ፣ ሁሉም። እሳቸውም «በእናት ቀልድ የለም!» እያሉ ይመልሱልኛል። ገብቼ ቢላውን አመጣሁ። «እንኩ! አሁኑኑ ይረዱት!»

ቢላውን አዩ፣ ዶሮውን አዩ።

«አሁንማ ጠበል ነክቶታል» አሉ። «ጠበል የነካው ይታረዳል?»

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ነች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ተነሥታ በርጩማዋን ለጋሽ ቅጣው አቀረበችላቸው፣ «ይቀመጡ እስኪ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔስ ባዶ ቤት መስሎኝ ነበር» አለች።

እንባዬ መጣ። ቢሆንም ቢላውን አላስቀመጥኩም፤ ከጋሽ ቅጣው ጋር ገና አልጨረስኩም ነበር።