ይወርዳል ባዩ አያ አየነው

በዓለም ላይ ገበያ የሌለው አገር ይኖር ይሆናል፤ «አሁን እንዳትገዛ፣ ይወርዳል» የሚል ሰው የሌለበት ገበያ ግን እስካሁን አልተፈጠረም። ይህ ሰው አይገዛም፤ አይሸጥም፤ አይደልልም። ሽንኩርት መርጣችሁ ልትከፍሉ ስትሉ ከኋላችሁ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። በቃ፣ ሽንኩርቱን መልሳችሁ ታስቀምጣላችሁ። ለምን እንደተዋችሁት ግራ የሚገባችሁ ቤት ገብታችሁ የቤቱ ሰው ባዶ እጃችሁን ሲያይ ነው።

በሰባ ሰባቱ የረሀብ ዘመን የሱዳኑ የገዳሪፍ ገበያ የታደለው አያ አየነውን ነበር። አያ አየነው የመተማ ቆላ ሰው ናቸው። ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ተሻግረው መጡ፤ ዝናቡ ከዳና አጨዳው ቀረ፤ አገር ቤትም የሚመለሱበት ነገር አልነበረምና እዚያው ቀሩ። ማጭድ የለመደ እጃቸው ሥራ ሲፈታ ምላሳቸው ሥራ ያዘ። የዘይት፣ የስኳር፣ የፍየል፣ የገመድ ዋጋ መቼ እንደሚወርድ ይናገራሉ። ሲሰምርላቸው ገበያው ያወራላቸዋል። ሳይሰምር ሲቀር ደግሞ «ወርዶ ነበርኮ! እናንተ ተኝታችሁ አለፋችሁ» ይላሉ።

«ሊቀ ገበያ» የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸው ባለሱቁ ሙሐመድኑር ነው። የሰጣቸው ለፌዝ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ከምር ተቀበሉት፤ ከዚያን ቀን ወዲያም እውቀታቸውን ሁሉ በሙሐመድኑር ሱቅ ላይ አፈሰሱት። ሿሚው የሹመቱን ግብር ራሱ ይከፍል ጀመር ማለት ነው።

በሱቁ መደርደሪያ ራስ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ተቀምጧል። ከቴሌቪዥን ጋር ሲያያዝ በመስታወቱ ላይ ነጥብ የሚያሯሩጥ፣ ባለ ሁለት እጀታ ጥቁር ሣጥን ነው። ሰሊጥ በሞላበት ዘመን፣ ሰው ገንዘቡን የሚያደርግበት ጠፍቶት በነበረ ጊዜ፣ ሙሐመድኑር ከጅዳ ከተመለሰ ሰው ጥሪቱን አሟጦ ገዛው። ከዚያ ረሀቡ መጣ። በረሀብ አገር ነጥብ ለማሯሯጥ ማን ይከፍላል? ሣጥኑ አቧራ ለበሰ። ሙሐመድኑር በየጠዋቱ ያራግፈዋል፤ አያ አየነው በየጠዋቱ ይመረምሩታል።

ምርመራቸው የእህል ምርመራ ነው። አያ አየነው የሚያውቁት ዕቃ ቢኖር ዱራ የሚሉት የሱዳን ማሽላ ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑን እንደ ዱራ ጆንያ ይጎነትሉታል፤ ያሸቱታል።

«ስንት ክረምት ከረመ?» ሲሉ ጠየቁ አንድ ቀን።

«አንድ።»

«ሁለተኛውን አይሻገርም። ነቀዝ ይገባዋል።»

«አያ አየነው፣ ፕላስቲክ ነውኮ! ፕላስቲክን ምን ነቀዝ ይበላዋል?»

«ዕቃውን መች አልሁህ? ዋጋውን ነው እንጂ።»

በዚህ ላይ ከፖርት ሱዳን የሚመላለሰው የሎሪ ሾፌር ገሠሠ ወሬ ጨመረላቸው። ጅዳ ውስጥ እንዲህ ያለው ጨዋታ ገዥ አጥቶ መጋዘን ሙሉ ተከምሯል አለ። የገዳሪፍ ሀብታሞች ዱራቸውን መጥሙራ በሚሉት ጉድጓድ ቀብረው መወደዱን ይጠብቃሉ፤ ጉድጓዱ ሲከፈት ዋጋው ይረክሳል። አያ አየነው ይህን ያውቃሉና አላመነቱም። «መጥሙራ ማለት ይኸው ነው! ክረምቱ ሳይጋመስ የጅዳ መጥሙራ ይከፈታል። ያኔ ይችን ሣጥን በፍየል ትለውጧታላችሁ» ብለው በሱቁ ደጃፍ ላይ አወጁ። ሰው ሳቀ። ቢሆንም ሁሉም ሰማ፤ ችግሩ እሱ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ አያ አየነው ዘንድ የሚመጣው ሰው ስለ ጨዋታ የሚጠይቅ አልነበረም። ከስደተኞቹ መጠለያ የሚመጡ ሴቶች ባዶ ጆንያቸውን በብብታቸው ይዘው «አያ አየነው፣ ዱራስ?» ይላሉ። እሳቸውም «ይወርዳል፣ እታለም። ታገሽ» ይላሉ። አይወርድም ነበር። ሴቶቹም እንደማይወርድ ያውቃሉ፤ ግን በሌላ ቀን ተመልሰው ይጠይቃሉ። ሙሐመድኑር ይህን ሲያይ «ውሸት የሚሸጥ ሰው እንኳ ደንበኛ አያጣም» እያለ ይበሳጫል። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባውም።

ሙሐመድኑር የሚበሳጭበት ምክንያት ነበረው። የሚስቱ የራሒማ እኅት ከነልጆቿ ከረሀቡ ሸሽታ ቤቱ ገብታለች። ማሰሮው ያው ነው፤ በዙሪያው የሚቀመጠው ሰው ግን እጥፍ ሆኗል። ዱራው በየገበያው ይወደዳል። ክረምቱ ሳይገባ ያ ሣጥን ተሽጦ ጥቂት ጆንያ ዱራ ካልሆነ፣ ቤተሰቡ ክረምቱን እንዴት እንደሚወጣው ሙሐመድኑር ማሰብም አይፈልግም።

ይባስ ብሎ ገዥ በመጣ ጊዜ አያ አየነው እዚያው ነበሩ። ገዥው ቱርካ ይባላል፤ ሀዋታ ከተማ ውስጥ ሻይ ቤት አለው፤ ጄነሬተርም ቴሌቪዥንም አለው። ከእኛ ሰው ጋር ኖሮ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል። ሣጥኑን አገላብጦ አይቶ፣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ከኋላው ከንፈር ተመጠጠ።

«ምነው አያ አየነው?» አለ ቱርካ።

«ምንም። ብቻ ብትታገሥ ይወርዳል።»

የቱርካ እጅ ባዶውን ከኪሱ ወጣ። «ጠይብ፣ እሺ፣ እታገሣለሁ» ብሎ ሄደ።

ሙሐመድኑር በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። «ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጡ! የልጆቹን ጉሮሮ ነው የዘጋችሁት አንቱ ሰው!» አለ። ሊቀ ገበያ ዱላቸውን አንሥተው ከመንገዱ ማዶ፣ ኒም ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ሙሐመድኑር ዋጋውን ቀነሰ፤ ገዥ የለም። ደግሞ ቀነሰ፤ ሁሉም ገና ይወርዳል ብሎ ይጠብቃል። ዱራው ሲወጣ፣ ሣጥኑ ሲወርድ፣ ረመዳን አለፈ፤ ሰማዩም በምሥራቅ በኩል ይጠቁር ጀመር። አንድ ጠዋት ራሒማ ጆንያ ይዛ ዱራ ገበያ ሄደች። የተመለሰችው ጆንያውን እንዳጠፈችው ነበር።

«ምነው?» አላት።

«ጆንያ ሙሉውንስ ተወው። በትንሿ መስፈሪያ፣ በመልዋ እንኳ ልሰፍር ብል የያዝሁት አልደረሰም። ጆንያውን አጥፌ ወጣሁ። አያ አየነው ብቻ ቆመው ያዩኝ ነበር።»

«እሳቸውማ ይዩ! ሥራቸውን ይዩ!» አለ ሙሐመድኑር።

በዚያው ቀን ቱርካ መጣ። ወደ ሀዋታ የሚሄደው የጥቁር አፈር መንገድ አንዴ ከረጠበ ክረምቱን ሙሉ መኪና አይረግጠውምና፣ የመጨረሻውን ሎሪ ሊይዝ ቸኩሏል። ግን ወደ ሱቁ ከመግባቱ በፊት መንገዱን ተሻግሮ ወደ ኒሙ ዛፍ ሄደ። ሙሐመድኑር ከሱቁ ውስጥ አንገቱን አሰገገ።

«አያ አየነው፣ ይወርዳል ብለውኝ እውነትም ወረደ። አሁንስ ልግዛ ወይስ ልታገሥ?»

ዛፉ ሥር የተቀመጠው ሁሉ መልሱን ያውቃል። አንዱም ቀድሞ «ይወር...» ብሎ ሊያፌዝ ጀምሮ ነበር። አያ አየነው ማዶ ያለውን ሱቅ አዩ። በሱቁ በር ላይ ራሒማ የታጠፈውን ጆንያ ይዛ ቆማለች።  ኋላም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«ይወደዳል» አሉ።

«ምን?»

«ይወደዳል አልሁህ! ከዚህ በታች አይወርድም። አሁን ካልገዛኸው አታገኘውም።»

ቱርካ ሮጦ ተሻገረ። ሳይከራከር ከፍሎ፣ ሣጥኑን በሽርጡ ጠቅልሎ፣ ሎሪው ላይ ወጣ። ራሒማ ወደ ዱራ ገበያ ስትሄድ እግሯ መሬት አልነካም። ሙሐመድኑር ግን ንዴቱ አልበረደም ነበር። «አንድ ቀን እንኳ ሳያስቡት ጥሩ ነገር ካፋቸው ወጣ» አለ።

ክረምቱ ሳይጋመስ ገሠሠ በአስፋልቱ ከፖርት ሱዳን ገባ። ከጭነቱ መካከል የዚያ ዓይነት ጥቁር ሣጥን ተደራርቧል፤ ዋጋው የፍየል ዋጋ ነበር። የጅዳ መጥሙራ ተከፈተ! ገበያው በሳቅ ፈረሰ። «ሊቀ ገበያ ሳቱ! ሲረክስ ይወደዳል አሉ!» ተባለ። ከሰው ሁሉ መካከል አንድ ትክክለኛ ትንቢት የተናገሩ እሳቸው መሆናቸውን ያስታወሰ የለም። እሳቸውም አላስታወሱም። አቀርቅረው የዱላቸውን ጫፍ መሬት ላይ ያሽከረክራሉ።

ሙሐመድኑር ዕቃ ሲያወርድ ገሠሠን «እነዚህ መቼ ነው ከመርከብ የወረዱት?» አለው።

«ቆየኮ። ቱርካ ከአንተ ሲገዛ እኔ እዚሁ ነበርሁ፤ ጭነቱ ወደብ ደርሶ እንደነበር ለአያ አየነው ቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። አልነገሩህም?»

ሙሐመድኑር የያዘውን ካርቶን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሰውየው ጥሪት የላቸውም፤ ቤት የላቸውም፤ በሰው አገር ያላቸው ያ ቃላቸው ብቻ ነበር። እውነት ሊሆንላቸው በቋፍ ላይ ሳለ ለራሒማ ጆንያ ሰጡት። ቱርካ ሰምቶ ምን ይል እንደሆነ አላህ ያውቃል፤ በጭቃ የተዘጋችው ሀዋታ ግን ክረምቱን በሻይ ቤቱ ነጥብ ስታሯሩጥ ነው የከረመችው አሉ።

ዕለቱን ሙሐመድኑርን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። ከመጠለያው የሚመጡት ሴቶች አያ አየነውን አልፈዋቸው ይሄዳሉ። ስለ ዱራ የሚጠይቃቸው ጠፋ። ሴቶቹም ሳይጠይቁ ሲያልፉ ፊታቸው ከቀድሞው ይበልጥ ወድቆ አየው። ያ ውሸት የሚለው ነገር ለካ ስንቅ ኖሯል።

በማግስቱ መንገዱን ተሻገረና ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አያ አየነው፣ ፋኖስ መቼ ይወርዳል?» አላቸው።

ሰዉ ፈገግ አለ። አያ አየነው ቀና ብለው አዩት። «እኔን ነው የምትጠይቅ?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

ብዙ አሰቡ። ኋላም እንደማያምኑበት ሰው፣ በቀሰስተኛ ድምፅ «ሐሙስ» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሙሐመድኑር ፋኖሶቹን ሁሉ ደጃፉ ላይ ደርድሮ፣ ከገዛበት በታች ይጣራ ጀመር። ሰዉ ተሻማ፤ ወዲያው ወደ ኒሙ ዛፍ ጣት ይቀሰር ጀመር። ራሒማ ከጓዳ ወጥታ ያየችውን ማመን አቃታት።

«አብደሃል ሰውየው? ማን ውረድ አለህ?»

ሙሐመድኑር ለገዥው መልስ እየቆጠረ፣ ቀና ሳይል መለሰላት፦ «እኔ ምን ላድርግ፤ አያ አየነው ሐሙስ ብለዋል።»